«ብላክ»፦ የአንድ የእንግሊዝኛ የቀለም ቃል አመጣጥና ትርጉሞች



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ቃል ነው። «ብላክ» የተባለውን የእንግሊዝኛ ቃል ቋንቋውን መማር የጀመረ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያውቀዋል። አብዛኞቹ የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዛግብተ ቃላትም ከፊት ለፊቱ «ጥቁር» ብለው ያልፉታል። ይህን ያህል የታወቀ ቃል የአንድ ምሽት ንግግር ርእስ መሆኑ የሚያስገርመው ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ምክንያቴ ይህ ነው። በትርጉም ትምህርት የሚቀርቡልኝን ጽሑፎች ሳርም ሁለት አስተያየቶች ደጋግመው ይገጥሙኛል። አንደኛው «ብላክ» ከውልደቱ ጀምሮ የስድብ ቃል ነበር፤ እንግሊዝኛ ክፋትንና ጥቁረትን ከአንድ ሥር አብቅሏል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቀለም ያው ቀለም ነው፤ «ብላክ» ማለት ጥቁር ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚያነጋግር ነገር የለም የሚል ነው። በፊተኛው ውስጥ ቁጣ፣ በኋለኛው ውስጥ ስንፍና ይታየኛል። ቁጣው ምክንያት አለው፤ ስንፍናው ግን የለውም። የቃሉ ታሪክ ሁለቱንም አይደግፍም።

ከሥሩ እንጀምር። የቋንቋ ታሪክ ሊቃውንት «ብላክ»ን መቃጠል፣ መንቦግቦግ፣ ማብራት የሚል ትርጉም ወደነበረው ጥንታዊ የኢንዶ-አውሮፓ ሥር ይመልሱታል። ከዚሁ ሥር የግሪኩ «ፍሌጎ»፣ አቃጥላለሁ ማለት ነው፣ እንዲሁም የላቲኑ «ፍላግራሬ» ወጥተዋል። ነበልባል ማለት የሆነው የእንግሊዝኛው «ፍሌም»ም በላቲንና በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። በጀርመናዊው የቋንቋ ዘር ውስጥ ቃሉ ከሚነደው ነገር ወደ ነደደው ነገር ተሻገረ። የተቃጠለ፣ የከሰለ፣ እሳት ያለፈበት ማለት ሆነ። ስለዚህ «ብላክ» በመጀመሪያ የቀለም ስም አልነበረም፤ አንድ ነገር የደረሰበትን የሚናገር ቃል ነበር።

እሳት ሁለት መልክ አለው። ሲነድ ያበራል፤ ነድዶ ሲያበቃ የከሰለ ነገር ትቶ ይሄዳል። ቋንቋውም ሁለቱንም መልክ ይዞ ኖሯል። በጥንታዊው እንግሊዝኛ አናባቢው አጭር የሆነው «ብላክ» ጥቁር ማለት ሲሆን፣ አናባቢው ረጅም የሆነው «ብላአክ» ደግሞ የሚያበራ፣ የገረጣ፣ የነጣ ማለት ነበር። በሁለት ተቃራኒ ትርጉሞች መካከል የነበረው ልዩነት አንድ አናባቢን ማስረዘም ወይም ማሳጠር ብቻ ነበር ማለት ነው። አናባቢ ሲረግፍና ሲለወጥ፣ ጸሐፍትም እንደየአገራቸው አነጋገር ሲጽፉ፣ በመካከለኛው ዘመን ጽሑፎች ውስጥ ቃሉ የጠቆረ ፊትን ይሁን የገረጣ ፊትን እንደሚያመለክት በቀላሉ የማይለይባቸው ቦታዎች ተፈጠሩ። ዛሬ «ብሌክ» የሚል የቤተሰብ ስም ያለው እንግሊዛዊ የሩቅ አያቱ በጥቁረቱ ይሁን በንጣቱ እንደተሰየመ ከስሙ ብቻ ሊያውቅ አይችልም። ነጭ የማድረጊያው ቃል «ብሊች» ከረጅሙ «ብላአክ» ወገን ነው፤ ልብስ ማንጫውን በረኪና ስትገዙ ጠርሙሱ ላይ የምታነቡት ቃል የ«ብላክ» የሩቅ ዘመድ መሆኑ ነው።

በዚያ ዘመን ለጥቁር ቀለም ዋነኛው ቃል «ብላክ» አልነበረም፤ «ስዌአርት» ነበር። የጀርመንኛው «ሽቫርዝ»፣ የሆላንድኛው «ዝዋርት»፣ የስዊድንኛው «ስቫርት» እኅቶቹ ናቸው። በእነዚያ ቋንቋዎች ይህ ቃል ዙፋኑን እንደያዘ ሲቀር፣ በእንግሊዝኛ ቦታውን ለ«ብላክ» ለቀቀ፤ ቅሪቱ ጠየም ያለ ሰውን በሚገልጸው «ስዎርዚ» በሚለው ቃል ውስጥ ይገኛል። «ብላክ» ግን አስቀድሞም የራሱ ሥራ ነበረው፤ በጥንታዊው እንግሊዝኛ የጽሕፈት ቀለም ማለትም ነበር። ስዊድኖች እስከ ዛሬ ድረስ የጽሕፈት ቀለምን «ብሌክ» ይሉታል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ የግእዝ ጽሕፈት ባህል ያለው አድማጭ ይህን ሲሰማ ዝም ብሎ የሚያልፈው አይመስለኝም። በእኛም ቋንቋ «ቀለም» ማለት በአንድ በኩል ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ የምንለው ሁሉ ነው፤ በሌላ በኩል ብራና ላይ የሚጻፍበት ፈሳሽ ነው፤ ከዚያም አልፎ ትምህርት ራሱ ነው። «ቀለም የዘለቀው» የምንለው ሰው ልብሱ ላይ ቀለም የፈሰሰበት አይደለም። የብራና ጸሐፍቶቻችን ጥቁሩን ቀለም የሚያዘጋጁት በዋናነት ከጥላሸት ነበር። «ጥቁር» የሚለውን ቃል ራሱን ደግሞ ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙት። ከባላገር ማድቤት ጣሪያ ላይ የሚንጠለጠለው የጢስ ቅሪት ምን ይባላል? «ጥቀርሻ»። ጠ፣ ቀ፣ ረ፤ ያው አንዱ ሥር ነው። እንግሊዞች ጥቁረትን ከተቃጠለ ነገር ጋር እንዳዛመዱት ሁሉ እኛም ከእሳቱ በላይ ከተንጠለጠለው ጥቀርሻ ጋር አዛምደነዋል። ከሰው ዓይን ፊት ሁልጊዜ የሚገኘው ጥቁር ነገር ምድጃው አጠገብ ነበርና ሁለት የማይተዋወቁ ቋንቋዎች በየራሳቸው መንገድ አንድ ቦታ ቢደርሱ አያስደንቅም።

የእሳቱ ነገር በዚህ አያበቃም፤ የአገራችንን ስም ይነካል። የግሪኩ «አይቲዮፕስ» በተለመደው ትንታኔ «አይቶ»፣ ማቃጠል፣ እና «ኦፕስ»፣ ፊት፣ ከሚሉ ሁለት ቃላት የተሠራ ነው፤ ፊቱ በፀሐይ የተቃጠለ ማለት ነው። በአገራችን ትውፊት ስሙ ከንጉሥ ኢትዮጲስ የመጣ መሆኑን አውቃለሁ፤ ያን ክርክር ዛሬ አልከፍተውም። የምፈልገው የግሪኩን ቃል ድምፀት ነው። ሆሜር አይቲዮፒያውያንን የሚያነሣቸው አማልክት ከማዕዳቸው ሊታደሙ የሚሄዱባቸው፣ ነቀፋ የሌለባቸው ሕዝቦች አድርጎ ነው። «የተቃጠለ ፊት» የሚለው አጠራር በዚያ አፍ ውስጥ ስድብ አልነበረም።

የጥንት እንግሊዛውያን ተርጓሚዎች በበኩላቸው በላቲን ጽሑፎች «አይቲዮፔስ» የሚል ሲገጥማቸው «ሲየልሄርዋን» በሚል የራሳቸው ቃል ይተረጉሙት ነበር። ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ከመረመሩት ሰዎች አንዱ ኋላ በልብ ወለዶቹ ዓለም ያወቀው ጄ. አር. አር. ቶልኪን ነው። የኦክስፎርድ መምህር ሳለ እ.ኤ.አ. በ1932 እና በ1934 በሁለት ክፍል ባሳተመው ጥናት «ሲየል» ከፀሐይና ከዕንቁ፣ «ሄርዋ» ደግሞ ከፍምና ከምድጃ ቤተሰብ ጋር የተዛመዱ ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ገመተ። ግምት መሆኑን እርሱም አልሸሸገም። ግምቱ ከያዘ ግን የእንግሊዝ መነኮሳት አይተዋቸው የማያውቁትን ኢትዮጵያውያን የጠሩት በፀሐይና በፍም ስም ነበር ማለት ነው። ለአንድ ሕዝብ ከዚህ የከፋ ስም ብዙ አለ።

ከሥሩ ወደ ወሰኑ ልለፍ፤ ይህን ባጭሩ እላለሁ። የቀለም ቃላት አጥራቸው እንደየቋንቋው ነው። በጥንታዊ ኖርስኛ «ብላር» የሚለው ቃል ዛሬ ሰማያዊ ከምንለው ተነሥቶ እስከ ቁራ ላባ ጥቁረት ይደርሳል፤ አፍሪካዊውን ሰው «ብላማዱር» ይሉት ነበር፤ ቃል በቃል «ሰማያዊ ሰው» ማለት ነው። በአየርላንድኛም ጥቁር ሰው ዛሬም በሰማያዊው ቃል፣ በ«ጎርም» ይጠራል። ይህ የሚያስቃችሁ ከሆነ ዓለም ሁሉ «ሰማያዊ ናይል» የሚለውን ወንዝ እኛ «ጥቁር ዓባይ» እንደምንለው አስታውሱ። ወንዙ አልተለወጠም። ብሬንት በርሊንና ፖል ኬይ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት የታወቀ መጽሐፍ፣ ሁለት ብቻ መሠረታዊ የቀለም ቃላት ያሏቸው ቋንቋዎች ዓለምን ጨለም ባለውና ብሩህ በሆነው መካከል እንደሚከፍሉ አሳይተዋል። ጥቁርና ነጭ ከሌሎች ቀለማት ሁሉ ቀድመው ስም ያገኙት፣ ምናልባት ሌሊትና ቀን ማንንም ሳይለዩ ሁሉም ጋ ስለሚደርሱ ይሆናል።

እንግዲህ ሥሩ እሳት፣ ወሰኑም ተንቀሳቃሽ ከሆነ፣ ክፋቱ ከየት መጣ?

ከብዙ ቦታ መጣ፤ ሁሉም ከአንድ ምንጭ አይደለም። አንዳንዱ ከሌሊት ፍርሃት ነው፤ አንዳንዱ በአውሮፓ ሥዕሎች ውስጥ ሰይጣን ጥቁር ተደርጎ ከመቀባቱ ነው፤ አንዳንዱ ከኀዘን ልብስ ነው። እኛም ኀዘንተኛውን ጥቁር እናለብሳለን፤ ቅር የተሰኘውን ሰው «ፊቱ ጠቆረ» እንላለን፤ ለዚህ የሚወቅሰን እንግሊዛዊ የለም። ብዙ ጊዜም ክፋት የተሸከሙ የሚመስሉ ቃላት ሲመረመሩ ተራ የሥራ ቃላት ሆነው ይገኛሉ። «ብላክስሚዝ»፣ ማለትም ብረት ቀጥቃጭ፣ የተባለው የሚሠራበት ብረት ጥቁር ስለሆነ ነው፤ ቆርቆሮ የሚሠራው ደግሞ በነጭ ይጠራ ነበር። «ብላክሜይል» በእንግሊዝና በስኮትላንድ ድንበር የነበሩ ገበሬዎች ከብታቸው እንዳይዘረፍ ለኃይለኞች የሚከፍሉት ግብር ነበር፤ የቃሉ ሁለተኛ ክፍል ከደብዳቤ ጋር ዝምድና የለውም፤ ስምምነትና ኪራይ ማለት ከነበረ የኖርስ ቃል የመጣ ነው። ምሥጢር አወጣለሁ ብሎ ገንዘብ መጠየቅ የሚለው ትርጉም የተለጠፈበት በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። በሒሳብ መዝገብ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ በጥቁር ቀለም የሚጻፈው ትርፍ፣ በቀይ የሚጻፈው ኪሳራ ነው። «ጥቁር ገበያ» እና «ጥቁር መዝገብ» የምንላቸውን ግን እኛው ቃል በቃል ከውጭ አስገብተናቸዋል። አስመጪው ቀረጥ ሳይከፍል ያለፈባቸው ቃላት ናቸው ብል አላጋነንኩም።

ፍርዱ በቀለሙ ቃል ውስጥ ሳይሆን በዙሪያው እንዴት እንደሚቀመጥ የሚያሳይ፣ ከማውቃቸው ሁሉ የሚበልጥብኝ ምሳሌ በመኃልየ መኃልይ ውስጥ ያለችው ሙሽራ ናት። ጥቁረቷንና ውበቷን በአንድ ትንፋሽ ትናገራለች። በዕብራይስጡ ሁለቱን ቅጽሎች የሚያያይዛቸው መስተጻምር «እና» ተብሎም፣ እንደ አገባቡ «ነገር ግን» ተብሎም ሊተረጎም ይችላል። የጥንቱ የግሪክ ትርጉም «እና» የሚለውን ያዘ። ቅዱስ ጄሮም በላቲን ሲተረጉም «ነገር ግን» አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1611 የወጣው የንጉሥ ጄምስ የእንግሊዝኛ ትርጉምም ያንኑ ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመው የእንግሊዝኛ ትርጉም ደግሞ ወደ «እና» ተመለሰ። የቀለሙን ቃል የነካው የለም። በአንዲት መስተጻምር ብቻ ውበት ከጥቁረት ጋር የሚሄድ ወይም ከጥቁረት ጋር የሚጣላ ሆነ። ተማሪዎቼ፣ ትርጉም ስትሠሩ ስሞቹን ለመዝገበ ቃላት፣ መስተጻምሮቹን ለራሳችሁ ኅሊና ተዉ የምላችሁ ለዚህ ነው።

ያም ሆኖ፣ ይህ ሁሉ የተበታተነ ጥላቻና ፍርሃት ቆዳን የሚመለከት ሥርዓት እንዲሆን ሌላ ኃይል አስፈልጎታል፤ እርሱም የባሪያ ንግድ ነው። ጆን ሆኪንስ የመጀመሪያውን የባሪያ ንግድ ጉዞ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1562 ነው። ከዚያ በኋላ በመጡት ሁለት መቶ ዓመታት ቀለም የሕግ ቃል ሆነ። የአሜሪካን የሕዝብ ቆጠራ ቅጾች ብትመለከቱ ሂደቱን ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1790 በተደረገው የመጀመሪያው ቆጠራ የቀለም ስም ያገኙት «ነጮች» ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት «ሌሎች ነፃ ሰዎች» እና «ባሪያዎች» ተብለው ተቆጠሩ። «ብላክ» እንደ አንድ የቆጠራ ክፍል የገባው እ.ኤ.አ. በ1850 ነው። ከእሳት የተወለደ ቃል በቆጣሪ እጅ አንድ ፊደል ሆኖ በሠንጠረዥ ውስጥ ገባ። ቃሉ ከባድ የሆነው በዚህ መንገድ ነው እንጂ በሥሩ ምክንያት አይደለም።

ክብደቱን ያነሡትም ሰዎች ናቸው። በ20ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በአሜሪካ ጨዋው አጠራር «ኒግሮ» ነበር፤ እርሱም በስፓንኛና በፖርቱጋልኛ ያው ጥቁር ማለት ነው። የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ1930 ይህን ቃል በትልቅ ፊደል መጻፍ ሲጀምር ከረጅም ትግል በኋላ የተገኘ ድል ተደርጎ ተቆጠረ። «ብላክ» ተብሎ መጠራት በዚያን ጊዜ ብዙዎችን ያስቆጣ ነበር። ከዚያ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1966 በሚሲሲፒ በተካሄደው ሰልፍ ላይ ስቶክሊ ካርማይክል «ብላክ ፓወር» የሚለውን ጥሪ ሲያሰማ፣ ሁለት ዓመት ቆይቶም ጄምስ ብራውን በጥቁረት መኩራትን በዘፈን ሲያውጅ፣ ቃሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተገለበጠ። ካርተር ዉድሰን እ.ኤ.አ. በ1926 የመሠረተው «የኒግሮ ታሪክ ሳምንት» እ.ኤ.አ. በ1976 «የብላክ ታሪክ ወር» ሆኖ ታወጀ። ሥሩ ያው ነበር፤ ድምፁም ያው ነበር። የተለወጠው ማን፣ ለማን፣ ቀና ብሎ ወይስ አንገቱን ደፍቶ እንደሚናገረው ነው።

አሁን ወደ አማርኛ ተርጓሚው ችግር ልመለስ። በእኛ ዘንድ «ጥቁር» ስለ ሰው ሲነገር በመጀመሪያ የመልክ ቃል ነው። ቀይ አለ፣ ቀይ ዳማ አለ፣ ጠይም አለ፣ ጥቁር አለ፤ አንዲት እናት አራቱንም ልትወልድ ትችላለች። ከአገሩ ሲወጣ «ቀይ» የነበረ ሰው ዋሽንግተን ሲደርስ በሚሞላው ቅጽ ላይ «ብላክ» ይሆናል፤ ቆዳው በመንገድ ላይ አልጠቆረም፤ የገባበት ታሪክ ነው ሌላ። በአንጻሩ «ጥቁር ሰው» የሚለው አነጋገር ከዐድዋ ጋር ሲነሣ መልክ መሆኑ ቀርቶ ለ«ብላክ» የሚቀርብ የክብር ስም ይሆናል። «ጥቁር አንበሳ» በወረራው ዘመን የአርበኞች ማኅበር ስም ነበር። «ጥቁር እንግዳ» ስንል ደግሞ ቀለምን ጨርሶ አናስብም፤ ከዚህ በፊት ቤታችን መጥቶ የማያውቅ፣ ስለዚህም ልዩ መስተንግዶ የሚገባው ሰው ማለታችን ነው። እነዚህ ሁሉ በእንግሊዝኛው ቃል ውስጥ የሉም።

በእንግሊዝኛው ውስጥ ያሉትም በእኛ ቃል ውስጥ የሉም። አንድ ብቻ ልጥቀስ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ብሪታንያ «ብላክ» የፖለቲካ ስም ነበር፤ ከካሪቢያንና ከአፍሪካ የመጡትን ብቻ ሳይሆን ከህንድና ከፓኪስታን የመጡ ብዙዎችንም ይጨምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 በለንደን የተመሠረተው «ሳውዝሆል ብላክ ሲስተርስ» የተባለው የሴቶች ድርጅት የእስያና የአፍሪካ-ካሪቢያን ሴቶች በአንድነት ያቋቋሙት ነው። ይህን «የሳውዝሆል ጥቁር እኅቶች» ብላችሁ ብትተረጉሙ ሰዋስዋችሁ ትክክል ነው፤ አንባቢያችሁ ግን የፑንጃብ ሴቶችን ፎቶግራፍ ሲያይ ጋዜጣው ተሳሳተ ይላል።

የመጨረሻው ችግር የፊደል ነው። የአሜሪካው የዜና ድርጅት አሶሺየትድ ፕሬስ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ሕዝብን የሚያመለክተው «ብላክ» በትልቅ ፊደል፣ ቀለምን የሚያመለክተው በትንሽ ፊደል እንዲጻፍ ወሰነ። ኒው ዮርክ ታይምስም በዚያው በጋ ተከተለው። አንባቢው የፊደሉን መጠን አይቶ ቀለም ይሁን ሕዝብ ይለያል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ሀ ሁልጊዜ ሀ ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛው በአንዲት ፊደል ቁመት የተናገረውን እኛ በሌላ መንገድ መናገር አለብን። ተማሪዎች የሚያቀርቡልኝን መፍትሔዎች ልዘርዝርላችሁ። «ጥቁር አሜሪካዊ» የሚለው ለአሜሪካ ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ ለለንደንና ለኪንግስተን አይሆንም። ትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ማስገባት ቃሉን የሚጠራጠር ያስመስላል። «ብላክ» ብሎ እንደወረደ መውሰድ በንግግር ለምደነዋል፤ በጽሑፍ ግን አንባቢውን ደጅ ያስቀረዋል። እኔ የምመርጠው «ጥቁሮች» ወይም «ጥቁር ሕዝብ» ብሎ ስሙን በስምነቱ መያዝ፣ መልክን ሲሆን ግን «መልከ ጥቁር» ብሎ መለየት ነው። ይህ ምርጫ የሚያስከፍለው ነገር አለ፤ ዓረፍተ ነገሩን ያረዝማል፤ የጋዜጣ አርታኢዎች አይወዱትም።

ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ቃላትን በዓረፍተ ነገር ውስጥ እያስገባ የሚተረጉም ነው፤ ለእንዲህ ያለው ቃል ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም። በሚቀጥለው ሴሚስተር በትርጉም ክፍላችን ለ«ብላክ» እንዲህ ያለ መግለጫ እንድናዘጋጅ አስባለሁ፤ አንዱን ዓረፍተ ነገር ከብረት ቀጥቃጭ ቤት፣ አንዱን ከሒሳብ መዝገብ፣ አንዱን ከሚሲሲፒ፣ አንዱን ከሳውዝሆል ወስደን፣ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን አማርኛ እንፈልጋለን። የአዳራሹ ሰዓት እያለቀ ስለሆነ የቀረውን ደቂቃ ለጥያቄዎቻችሁ ልተው።